የሃምሳ አለቃ ክንዱ ስም

በሩን የሰበሩት ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሃምሳ አለቃ ክንዱ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ብርድ እንደመታው ሰው ተኮራምቶ ተገኘ። ከአልጋው ሥር የትኋን መድኃኒት ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ ቆሟል። ኢንስፔክተር ኡዘይር የሐምሌን ዝናብ ከኮቱ ላይ እያራገፈ ሲደርስ፣ በረንዳው ላይ የተጠለለው ጎረቤት ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር።

«መወርወሪያው ከውስጥ ተዘግቶ ነበር እኮ! ራሱን ነው ያጠፋው።»

«ዕዳ አለበት አሉ።»

«ወታደር ለዕዳ ይሞታል?»

«ለዕዳ አይደለም፤ ለሐፍረት ነው እንጂ።»

ኡዘይር ማንንም አላቋረጠም። የፖሊስ ትምህርት ቤት ካስተማረው ይልቅ ዝም ብሎ በመስማት ያገኘው ዕውቀት ይበልጣል። ሚስቱ ሒክማ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ድምፅ ስለሌለ፣ የሰው ወሬ ለእሱ ሥራ ብቻ ሳይሆን ጓደኛም ሆኖለታል።

ክፍሏ ከአዘዞ ጦር ሰፈር ጀርባ ካሉት የኪራይ ቤቶች አንዷ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ አንድ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል። የሰው ፎቶግራፍ የለም። ዕድሜውን በጦር ሜዳ የፈጀ ሰው ንብረት በአንድ ሸክም የሚያልቅ ነበር። የኡዘይር ዓይን መስኮቱ ላይ ቆየ። ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ ሁለት ብርጭቆዎች ታጥበው ጎን ለጎን ተደፍተዋል። ከአጠገባቸው ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት አረቄ በግማሽ ጎድሎ ተቀምጧል።

«ይህን የነካ አለ?»

አከራይዋ ሰብለ ወንጌል ከበሩ መቃን ሳትርቅ መለሰች። «ማን ይነካል ጋሼ! እኔስ እግሬን አላነሣሁም። ማታም አልነበርሁ፤ አራስ ልጠይቅ ጎንደር ወጥቼ፣ ዝናቡ አላስመጣ ብሎኝ እዚያው አደርሁ።»

«ጠርሙሱስ የማን ነው?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፋች፤ ፈታች፤ እንደገና አጣፋች። «የኔ ነው። ትኋኑ አላስተኛኝ ሲለኝ የሰጠሁት ነው። አሁን እኔን ልትይዙኝ ነው?»

«ትኋን ስላስገደለ እስካሁን የታሰረ የለም፤ አይዞሽ። መጠጥ ይወድ ነበር?»

«ብቻውን? ምን ሲደረግ! አረቄው ለእንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የለውም።»

የሐኪሙ ቃል በማግሥቱ መጣ። ሰውየው የሞተው በትኋን መድኃኒቱ ነው፤ የጠጣውም በአረቄ ተበጥብጦ ነው፤ እንዲህ ያለው መርዝ ሰዓታት ይፈጃል። አረቄው ራሱ ግን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

---

የወታደሮች የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እዚያው አዘዞ ነው። የብድር ኃላፊው የሻው ክራባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ ያሰረ፣ ከወንበሩ በላይ ትልቅ ሆኖ ለመቀመጥ የሚጥር ሰው ነው።

«ሟቹ ለቤት መሥሪያ ሊበደር መጣ። ስሙን ስናይ ከአምስት ዓመት በፊት ተበድሮ የጠፋ ነው። ዳግመኛ እንዳይበደር ተዘግቶበታል። ‹እኔ አልተበደርሁም› አለ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት።»

«የተበደረው እሱ ለመሆኑ በምን አወቃችሁ?»

«የጦር መታወቂያውን ይዞ ነዋ!»

«ፊቱንስ አያችሁት?»

«ኢንስፔክተር፣ ያን ጊዜ ከባድሜ የሚመለሰው ተሰናባች እንደ ጉንዳን ነበር። ሁሉም ከሲታ፣ ሁሉም ጢማም። ፊት ማን ያያል?»

«ክንዱ ያን ጊዜ የት ነበርሁ አለ?»

የሻው ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ተማርኬ ነበር ይላል። ሞቷል ተብሎ ሳለ በምርኮኛ ልውውጥ ተመልሶ፣ አዲስ መታወቂያ ተሰጥቶት፣ እስከ ዘንድሮ ደቡብ ጠረፍ ቆየሁ ይላል።»

«ታስሮ የነበረ ሰው አዘዞ መጥቶ ተበደረ?»

«ያመልክት አልነው እንጂ አላባረርነውም!» ድምፁ ከፍ አለ፤ ወዲያው ወረደ። «ብድሩን የፈቀድሁት እኔ ነኝ። ሐሰት ከሆነ እንጀራዬ ነው የሚሄደው።»

«ረቡዕ ማታ የት ነበርህ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ምነው?»

«ብቻውን ያመሸ ሰው ምስክር የለውም፤ እኔም እንዳንተው ነኝ» አለና ኡዘይር ተነሣ።

ከዚያ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወጣ። ሟቹ ለቤቱ ቆርቆሮ የተዋዋለው ከዐብዱረሕማን ሱቅ እንደሆነ ሰብለ ወንጌል ነግራዋለች። ዐብዱረሕማን ከአያቱ ጀምሮ ጎንደር የነገደ፣ ከኡዘይርም ጋር ከልጅነት የሚተዋወቅ ሰው ነው።

«ኧረ ኡዘይር! ጁምዓ ካልሆነ የማትታይ! ራትህን ከግድግዳ ጋር ነው የምትበላው አሉ።»

«ግድግዳ ሐሜት አያውቅም፤ ካንተ ይሻላል። ሃምሳ አለቃ ክንዱን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየኸው?»

የነጋዴው ሣቅ ከፊቱ ጠፋ። «ረቡዕ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ። ‹ቆርቆሮውን ለሰው እንዳትሸጥብኝ፤ ሰኞ እመጣለሁ› አለኝ። ‹ብድሩ ተፈታልህ እንዴ?› ብለው፣ ‹እስከ እሑድ አንድ ሰው እየጠበቅሁ ነው፤ እሱ ከተናገረ ሁሉም ይስተካከላል› አለ።»

«ማን ነው የሚጠብቀው?»

«አልነገረኝም። ስቆ ነበር ግን። እንደሚስቅ አላውቅም ነበር።»

ኡዘይር ሲመለስ ከፒያሳ አዘዞ በሚሠራ ሚኒባስ ተሳፈረ። የመረጠው ሾፌሩን አይቶ ነው። አስር አለቃ ባዬ የሟቹ የጦር ሜዳ ወዳጅ ነው፤ ክፍሏን ያገኘለት እሱ፣ ሳጥኑን የገዛለትም እሱ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ በቀልድ ሲያስቅ ቆይቶ፣ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

«በአንድ ምሽግ፣ በአንድ ብርድ ልብስ የከረምን ሰዎች ነን። እኔ ወደ ግራ ስዞር እሱ ወደ ግራ ካልዞረ ብርዱ ይገባ ነበር። ያንን ሰው ራሱን አጠፋ ይሉኛል! ክንዱ ራሱን የሚያጠፋ ሰው አይደለም፤ ለደብሩ መምሬም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ገደለው ትላለህ?»

«ልቡ ይሆናል። እስር ቤት የበላው ሰው አይደል? በሽታ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

«መቼ ነው የተያያችሁት?»

«ባለፈው እሑድ። ከዚያ ወዲህ የትክል ድንጋይ ገበያተኛ ሳመላልስ አልተገናኘንም።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «እኔ ባልሆን ማን አለው? አንዲት እህት ናት ያለችው፤ እሷም መካነ ብርሃን ተራራው ላይ።»

---

እህቱ ታየች ቅዳሜ ማለዳ ደረሰች። ጭቃው መኪናውን ስለያዘው ግማሹን መንገድ በእግሯ መጥታለች። በላስቲክ ጫማዋ ላይ የደረቀው የጃናሞራ አፈር ሳይራገፍ በቀጥታ ወደ ደብሩ ወሰዷት፤ ሰው ሁሉ እዚያ ይጠብቃት ነበርና።

ኡዘይር ወደ ቅጥሩ አልገባም። ከበሩ ውጭ፣ ከአንዲት አሮጊት መነኩሲት ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እማሆይ ወለተሩፋኤል ይባላሉ፤ ከዚያ በር ጠፍተው አያውቁም። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።

ባዬ ታየችን አቅፎ አለቀሰ፤ የሻውና ሰብለ ወንጌልም ቆመዋል። መምሬ ገላው መስቀላቸውን ካሳለሟት በኋላ ቃላቸውን እንደ ሸክም አወረዱት።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነገሩ ግን ከባድ ነው። በገዛ እጁ ነፍሱን ላጠፋ ሰው ሥርዓቱ ፍትሐት አይፈቅድም። ፖሊስ ሌላ ነገር ካላለን ነገ ያለ ጸሎት ይቀበራል።»

ታየች አልጮኸችም። «ምነው አባቴ» አለች ዝቅ ብላ። «በሕይወቱም ብቻውን ነበር። ሲሄድስ ብቻውን ምነው ይሄዳል?»

«ይፈቱለታል! እኔ እምላለሁ፤ ራሱን አላጠፋም!» ባዬ መሐል ገባ። «እታለም፣ ለመሆኑ የክርስትና ስሙ ማን ነው? ለመምሬ ንገሪያቸው፤ እኔ አላውቀውም።»

«ተክለ አልፋ።»

ከበሩ ውጭ እማሆይ ወለተሩፋኤል ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ተክለ አልፋ?» አሉ ለኡዘይር፣ ወይም ለራሳቸው። «ለእሱማ ጧፍ አብርቼለታለሁ።»

ኡዘይር ቀስ ብሎ ዞረ። «መቼ እማሆይ?»

«ሐሙስ ነዋ። ኪዳን ሳይደርስ፣ ገና ሳይነጋ። አንድ ሰው ጧፍና ሳንቲም እጄ ላይ አድርጎ ‹ለተክለ አልፋ ነፍስ› አለኝ። በዚህ ስም የማውቀው ሙት ስለሌለኝ ስሙን ያዝሁት። ያለቅስ ነበር፤ ድምፁ አይለይም።»

«ፊቱንስ?»

«ልጄ፣ እኔ ፀሐይንም በሙቀቷ ነው የማውቃት።»

ኡዘይር ቀኑን አሰላ። በሩ የተሰበረው ሐሙስ እኩለ ቀን ነው። ያን ማለዳ የክንዱን ሞት የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ እሱም የክርስትና ስሙን ጭምር ያውቃል።

ታየች ከቅጥሩ ስትወጣ ጎኑ አስቀመጣት።

«እኅቴ፣ ይህን ስም ማን ማን ያውቀዋል?»

«ማን ያውቀዋል አያ! እናታችን ሞታለች። የንስሐ አባታችንም አፈር ለብሰዋል። እኔ ነኝ የቀረሁት።»

«ስለ ብድሩ ነግሮሽ ነበር?»

«ለሰኔ ሚካኤል መጥቶ ነግሮኛል። ስሜን ሰው ተበደረበት አለኝ። ‹መታወቂያዬ ስማረክ እጄ ላይ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው ሰጥቼው ነበር› አለ። ማን ነው ብዬ ብለምነው ብጨቀጭቀው አልናገር አለኝ። ‹ራሱ እስኪናገር እጠብቀዋለሁ፤ እኔ ስሙን አላጠፋበትም› አለ።» ታየች ጣቶቿን አቆላለፈች። «ሸጋ ሰው ነበር። ሸጋ መሆኑ ምን ጠቀመው?»

---

ኡዘይር ከዚያ የሄደው ወደ ሰብለ ወንጌል ነው። ሴትዮዋ የጎረፈውን ደጇን ትጠርጋለች።

«ባለቤትሽም ወታደር ነበር አሉኝ።»

መጥረጊያዋን አቆመች። «ጾረና ነው የቀረው። መርዶው ለኔ ሳይደርስ ፍትሐቱ ተፈትቶለታል፤ ያ ነው ያጽናናኝ። አብሮት ምሽግ የነበረው ልጅ ነው እዚያው ለቄስ ስሙን ያደረሰለት።»

«ስሙን ስትይ?»

«የክርስትናውን ነዋ። ጋሼ፣ የእናንተ ሌላ ነው፤ ላታውቀው ትችላለህ። ወታደር ውጊያ ሲገባ የክርስትና ስሙን ለምሽግ ጓደኛው ያስይዛል። ከሁለቱ የተረፈው ለቄስ ያደርሳል። አስከሬኑ ባይገኝ እንኳ ነፍሱ ስም እንድታገኝ። ያለውንም ዕቃ ለዚያው ሰው ነው የሚሰጠው፤ ለቤተሰቤ አድርስልኝ ብሎ።»

«መታወቂያውንም?»

«መታወቂያውንም፣ ሰዓቱንም። የኔው ባል ሰዓት እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ።»

«ከሰዓት በኋላ ሳሎንሽን ላስቸግርሽ ነው» አላትና ሄደ።

---

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሰብለ ወንጌል ሳሎን ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰው ጮክ ብሎ እንዲናገር ያስገድድ ነበር። ታየች ከመምሬ ገላው ጎን ናት። የሻው ክራባቱን ዛሬም አልፈታም። ባዬ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ነው፤ ዐብዱረሕማን ጥግ ይዟል። ሁለት ፖሊሶች በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«መምሬ» አለ ኡዘይር፣ «እኔ ስለ ሥርዓታችሁ የመናገር መብት የለኝም። ስለ ረቡዕ ማታ ግን ልንገርዎ። መስኮቱ ላይ ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል። አረቄው ንጹሕ ነው፤ መርዙ የነበረው በአንደኛው ብርጭቆ ብቻ ነው። ሊሞት የቆረጠ ሰው መርዝ ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አጥቦ፣ ከእንግዳው ብርጭቆ ጎን ደፍቶ አይተኛም። ያጠበው እንግዳው ነው።»

«በሩ ከውስጥ ተዘግቶ አልነበር?» አለ የሻው።

«መርዙ ቶሎ አይገድልም። ክንዱ እንግዳውን ሸኝቶ፣ ከዝናቡ በሩን ዘግቶ ነው የተኛው። ስለ መርዙ ሳያውቅ፤ ሽታውን ነጭ ሽንኩርቱ ሸፍኖታል። ደግሞም ለሰኞ ቆርቆሮ ያስያዘ ሰው ረቡዕ ሊሞት አያስብም።»

ዐብዱረሕማን ራሱን ነቀነቀ። «አስይዟል፤ አሁንም ተለይቶ አለ።»

«እንግዳው ማን ነው? ክንዱ ብቻውን አይጠጣም፤ ለጠላቱም አይቀዳም። አቶ የሻው፣ ለአንተ የሚቀዳልህ ይመስልሃል?»

«ለኔ? ኧረ ውኃም አይሰጠኝ!»

«እኔም እንዲያው አሰብሁ። ከዚያም እህቱ የነገረችኝ አለ። መታወቂያውን የሰጠውን ሰው ያውቀዋል፤ ግን አልከሰሰውም። ራሱ እስኪናገር እጠብቀዋለሁ ነው ያለው። ሰው ሌባውን እንዲህ የሚጠብቀው ሲወደው ነው።»

ኡዘይር ተነሥቶ ቆመ።

«ሐሙስ፣ ገና ሳይነጋ፣ ማንም በር ሳይሰብር፣ አንድ ሰው እማሆይ ወለተሩፋኤል እጅ ላይ ጧፍ አኖረ። ለተክለ አልፋ ነፍስ ብሎ። መሞቱን ያወቀ ገዳዩ ብቻ ነው። ስሙን የሚያውቅ ደግሞ እህቱ፣ አለዚያም ምሽግ ውስጥ የተነገረው ሰው ነው። እህቱ መካነ ብርሃን ነበረች።» ኡዘይር ወደ በሩ ተመለከተ። «ባዬ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ነው የከረምነው ያልኸኝ አንተ ነህ። ወታደር ለምሽግ ጓደኛው የሚያስይዘውን ስም አንተ ዛሬ ጧት ‹አላውቀውም› አልህ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳትጠየቅ ለምን ተናገርህ?»

ባዬ ለመሳቅ ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ ሰው ይረሳል እኮ! ስንት ስም…»

«የራሱን ስም የያዘለትን ሰው ስም?»

ሣቁ ከፊቱ ላይ እንደ ጭቃ ተላቀቀ።

«ሲማርኩት ሞቷል ነው ያሉኝ» አለ በመጨረሻ፣ ለታየች እንጂ ለማንም አይደለም። «በእግዜር ስም፣ ሞቷል ነው ያሉኝ። መታወቂያውን ላንቺ ላደርስ ኪሴ ይዤው ነበር። በኔ ስም አንድ ጊዜ ተበድሬ ድርሻዬ አልቆ ነበር። ሚኒባስ ፈለግሁ። የሞተ ሰው ስም ዕዳ አይከብደውም ብዬ ነው። ጢሜን አሳድጌ ወረፋ ገባሁ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።»

የሻው አንገቱን ደፋ።

«ከዚያ ቆሞ መጣ። አቅፎ ሳመኝ። ጽሕፈት ቤቱ የነገረውን ሲሰማ ወዲያው አወቀኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አልሰደበኝም። ‹እስከ እሑድ ራስህ ንገራቸው፤ እኔ አልነግርም› አለኝ። ብነግር መኪናው ይሄዳል፣ እስር አለ፣ ልጆቼ… ረቡዕ ልለምነው መጣሁ። ቀዳልኝ። ደጅ ወጣ ሲል ጠርሙሱን አልጋው ሥር አየሁት። ባላየሁት ኖሮ!» መዳፎቹን ተመለከታቸው። «ብርጭቆውን አጥቤ ‹አንተ ተኛ› አልሁት። በሽታ ይሉታል ብዬ ነው፤ ራሱን አጠፋ ይሉታል ብዬ መቼ አሰብሁ? ሌሊት ተመልሼ መጣሁ። አንኳኳሁ። ዝም አለኝ።»

«ጧፉንስ?» አሉ መምሬ ገላው።

«ቃል ነበረን አባ። ሌላውን ሁሉ ባፈርስ ያንን ማፍረስ አልቻልሁም።»

ኡዘይር ወደ የሻው ዞረ። «አቶ የሻው፣ ባለዕዳ ነው ብለህ በሰው ፊት የተናገርኸውን በሰው ፊት አንሣው።»

የሻው ቆመ። ክራባቱን ፈታ አደረገ፤ ሲናገር የጽሕፈት ቤቱ ድምፅ አልወጣውም። «ሃምሳ አለቃ ክንዱ ከማኅበሩ አልተበደረም። ፊቱን ሳላይ የሰው ስም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ይስተካከላል።»

መምሬ ገላው ተነሡ፤ ታየችን በትከሻዋ ደገፏት። «ካህናቱን ጥሩልኝ። ነገ አይጠበቅም፤ ዛሬ፣ አሁን።»

ፖሊሶቹ ባዬን ሲያስነሡት ታየች መንገዱ ላይ ቆመች። ልትመታው መስሏቸው አንደኛው እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልነካችውም።

«ያንተን ስም የያዘልህ ወንድሜ ነበር» አለችው። «አሁን ማን አለህ?»

ባዬ ፊቱን ከእሷ አዞረ።

«ንገረኝ፤ እይዘዋለሁ። ይቅር ማለቴ ግን አይደለም።»

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ነገራት። ሌላ ማንም አልሰማውም።

---

መኪናው ወደ ጎንደር ሲወጣ በደብሩ ሥር ነው የሚያልፈው። ባዬ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጦ ሳለ የካህናቱ ድምፅ ከዛፎቹ በኩል መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ ስሙ እስኪጠራ ብቻ። ሌላ አልለምንህም።»

ፖሊሶቹ ተያዩ። ኡዘይር ከፊት ወንበር ሆኖ ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ መኪናው መንገዱን ለቆ ቆመ። ሞተሩም ጠፋ።

ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ የቆመው ሰው ጥቂት ነበር። አንዲት ሴት በላስቲክ ጫማ፣ አንድ ነጋዴ ከቅጥሩ ውጭ በጃንጥላ፣ አንድ ክራባት ያሰረ ሰው፣ አንዲት አከራይ። ለአንድ ዕድሜ ወታደርነት ያ ብቻ ነበር ሸኚው። የዝናቡ ድምፅ የጸሎቱን ቃል እየቆራረጠ ስለሚያመጣው፣ ኡዘይር የመስኮቱን መስታወት እስከ መጨረሻው አወረደው። ዝናቡ ትከሻውን እያራሰው ዝም ብሎ ሰማ።

ስሙ ተጠራ።

ባዬ ፊቱን በታሰሩ እጆቹ ሸፈነ። ኡዘይር ግን ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ ሾፌሩን «እንሂድ» አላለውም።